ስቲል የፒስተን ሪንግ ከጊዛው ይሻላል? ደንገጎ ላይ ለሚግል አይሱዙ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ጋራዥ ከሚሠራ ወጣት መካኒክ ነው። ፒስተን ሪንግ ማለት በፒስተኑ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ቀለበት ነው፤ ጊዛ ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ ሰላም ነው? ከድሬ ሐረር ዕቃ የሚያመላልስ አይሱዙ አለን። ሞተሩ ፎር ጄ ቢ ዋን ነው። ደንገጎ አቀበት ላይ መጋል ጀመረ፤ ዘይትም ይበላል፣ በዘይት መሙያውም ይተነፍሳል። ሞተሩን ስናወርደው የአንዱ ፒስተን የላይኛው ሪንግ ቦዩ ውስጥ ደርቆ ተጣብቋል። መለዋወጫ ሱቅ ሁለት ዓይነት ሪንግ አሳዩን። አንዱ የጊዛ ነው። ሌላው እጥፍ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ዋጋ ተጠርቶበታል። ሻጩ ‹ይሄ ስቲል ነው፣ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፣ ለድሬ ሙቀት የሚሆን ይሄ ነው› ይላል። እውነቱን ነው? ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፍ ልዩ ስቲል የሚባል ነገር አለ ወይ? የመኪናው ባለቤት ደግሞ ‹ቶርኖ ቤት ከጥሩ ብረት አስቆርጡት› እያለ ነው። አቦ ግራ ገብቶናል።»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሞተር አውርዶ ሪንግ መርጦ መግጠም የብዙ ሰው ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እመልስልሃለሁ።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርህ። «ስቲል ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ገበያ ላይ ከምታገኛቸው የስቲል ሪንጎች ብዙዎቹ ሙቀት በማስተላለፍ ከተራው ጊዛ ያንሳሉ። ሙቀት እንዲያስተላልፍ ተብሎ የተቀመመ ስቲል በእርግጥ አለ፤ እሱም ቢሆን ጊዛውን ለመድረስ ነው የሚታገለው። ያንተን አይሱዙ ያጋለው ግን የሪንጉ ብረት ነው ብዬ አላምንም። ለምን እንደሆነ ላሳይህ።

ነዳጁ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚግለው የፒስተኑ ራስ ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይቀበላል፣ ቶሎም ወደ ታች ያወርደዋል። ከዚያ ግን የት ይሂድ? ፒስተኑ የላይኛው ክፍሉ ሲሊንደሩን አይነካም፤ በመሃላቸው ክፍተት አለ። ካሚቻውን፣ ማለትም የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ የሆነውን ላይነር፣ ተጭነው የሚነኩት ሪንጎቹ ናቸው። ከሥሩ ዘይት የማይረጭለት ፒስተን ከሚያስወጣው ሙቀት ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በሪንጎቹ ነው። ከሦስቱ ደግሞ ትልቁን ሸክም የሚይዘው የላይኛው ነው። ሪንግ ኮምፕሬሽን ይይዛል፣ ዘይት ይጠርጋል እያልን እናስተምራለን። ፒስተኑን የሚያቀዘቅዘውም እሱ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ይህ መንገድ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ራስህ አይተሃል። የላይኛው ቦይ ሙቀት 250 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ እዚያ ያለው ዘይት እየበሰለ ካርቦን ይሆናል። ካርቦኑ ሪንጉን ይይዘዋል። የተያዘ ሪንግ ካሚቻውን በደንብ አይጫንም። በዚያ ሲሊንደር ሙቀት መውጣቱን ይቀንሳል፣ ትኩስ ጋዝም በጎኑ ወደ ታች ያመልጣል። ጋዙ ቦዩን ይበልጥ ያግለዋል፤ የባሰ ካርቦን ይጋገራል። በዘይት መሙያው የምታየው ትንፋሽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ብረቶቹ እንምጣ። የአንድን ነገር ሙቀት የማስተላለፍ አቅም የምንለካው በዋት በሜትር በዲግሪ ነው። አሃዱን እርሳው፤ ቁጥሮቹን ብቻ አወዳድር። ንጹህ ብረት በተራ ሙቀት 80 ገደማ ነው። ሪንግ የሚሠራበት ግራጫ ጊዛ 50 አካባቢ ይሆናል። ግራፋይቱ፣ ማለትም በጊዛ ውስጥ ተለይቶ የሚቀመጠው ካርቦን፣ እንደ ፍሬ ድቡልቡል የሆነበት ጠንካራው ጊዛ ወደ 35 ይወርዳል። ሲሊከንና ክሮም በመጠኑ የገባበት የስፕሪንግ ስቲል ከ30 እስከ 40 ባለው ውስጥ ነው። 17 በመቶ ገደማ ክሮም ያለው፣ ናይትራይድ ተደርጎ፣ ማለትም ቆዳው በናይትሮጅን እንዲጠነክር ታክሞ፣ የሚሸጠው የማይዝግ ስቲል ግን 20 እና 25 መካከል ይወድቃል። ሻጩ ያሳየህ ሪንግ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ቀለም ያለው፣ ካርቶኑ ላይ «ናይትራይድ» የሚል ከሆነ ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። ማለትም ከጊዛው በግማሽ ያነሰ ሙቀት የሚያስተላልፍ ብረት በእጥፍ ዋጋ ሊሸጥልህ ነበር። ሻጩም የሰማውን ነው የሚናገረው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በብረት ውስጥ ሙቀቱን በብዛት ይዘው የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ብረቱ ንጹህ ሲሆን ተደርድሮ በተቀመጠው አተም መሃል ያለ ብዙ እንቅፋት ያልፋሉ። ሲሊከን፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል ወይም ክሮም ብረቱ ውስጥ ሲሟሟ መጠኑ የተለያየ አተም በየቦታው ይሰነቀራል። ያኔ ኤሌክትሮኖቹ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀፊራ ገበያን አቋርጦ ለመሄድ እንደሚሞክር ሰው ይሆናሉ፤ በየአራት እርምጃው ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫሉ። ለብረት ጥንካሬ ብለን የምንጨምራቸው ቅመሞች ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህን ያደርጋሉ። በተለይ የተሟሟ ሲሊከን በትንሽ መጠን ብዙ ይጎዳል።

ጊዛም እኮ ሲሊከን አለበት፣ ታዲያ እንዴት 50 ደረሰ ትለኝ ይሆናል። ያዳነው ግራፋይቱ ነው። በግራጫ ጊዛ ውስጥ ግራፋይቱ ቅጠል ቅጠል ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ይዘረጋል። በቅጠሉ አግድም ሙቀት በጣም በፍጥነት ያልፋል። ጠንካራው ጊዛ ውስጥ ግራፋይቱ ተነጣጥሎ ድቡልቡል ስለሆነ ይህ መንገድ ይቋረጣል፤ 35 የሆነውም ለዚህ ነው። ግራፋይቱ በዚያ ላይ ዘይት ይይዛል፣ ራሱም ያልሳል። አሮጌው ጊዛ እስከ ዛሬ ከሪንግ ገበያ ያልወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ፋብሪካዎች ለምን ወደ ስቲል ሄዱ? ጥንካሬው ነው የሳባቸው። ግራጫ ጊዛ ተሰባሪ ነው፤ ቀጭን አድርገህ ብትሠራው በትልቅ ግፊት ይሰበራል። አዲስ ሞተሮች የሚፈልጉት ቀጭን ሪንግ ነው። ለቤንዚን መኪና 1.2 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ከፍታ ያለው የላይኛው ሪንግ አሁን የተለመደ ነው። ቀጭን ሪንግ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ፍትጊያው ያንሳል፣ ክብነቱ ትንሽ በተዛባ ካሚቻ ላይም ተጣጥሞ ይቀመጣል። ስቲል ይህን ሁሉ ይችላል። ክሮም የበዛበት ስቲል ደግሞ ናይትራይድ ሲደረግ ቆዳው እጅግ ይጠነክራል፤ ቶሎ አይበላም። ለዕድሜ ሲባል የሙቀት ማስተላለፉ ነገር ተሠዋ ማለት ነው።

ሙቀት አስተላላፊ ስቲል የተፈለገው ከዚህ በኋላ ነው። ቱርቦ ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች በትንሽ ሲሊንደር ብዙ ጉልበት ማውጣት ሲጀምሩ የፒስተኑ ራስ መጋል ችግር ሆነ። የጋለ ፒስተን ድብልቁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ሙቀቱን በሪንግ ማውጣት ከተቻለ ማንኳኳቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሪንግ ሠሪዎች ክሮሙንና ሲሊከኑን የቀነሱበት፣ ካርቦኑን 0.5 እና 0.6 በመቶ አካባቢ ያደረጉበት ስቲል ማዘጋጀት ያዙ። ዘዴው ሁለት ነው። አንዱ የሚሟሟውን ቅመም ማሳነስ። ሁለተኛው በሙቀት ሕክምና የቀረውን ቅመም ከካርቦን ጋር አያይዞ ጥቃቅን ካርባይድ ማድረግ ነው። በካርባይድ የታሰረ ክሮም ብረቱን እንደ ተሟሟ ክሮም አይዘጋውም። በደንብ የተቀመመ እንዲህ ያለ ስቲል 40 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ክሮም ከበዛበት ስቲል 22 ገደማ አንጻር ትልቅ ለውጥ ነው።

ግን በነጻ አይመጣም። ሲሊከንና ክሮም ሲቀንስ ስፕሪንግነቱ በሙቀት ቶሎ ይላላል። ሪንግ 300 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ የመጫን ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ካሚቻውን የማይጫን ሪንግ ብረቱ ወርቅ ቢሆን ሙቀት አያስተላልፍም። ደግሞም ክሮም ያነሰው ስቲል በናይትራይድ የዚያን ያህል አይጠነክርም። ስለዚህ ፊቱን በሌላ ነገር መለበጥ ግድ ነው፤ በክሮም፣ በክሮሚየም ናይትራይድ ወይም አልማዝ መሰል በሆነ የካርቦን ልባስ። ልባሱ በጣም ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ብዙም አያግደውም። ዋጋውን ግን ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ ሪንጎች የሚሠሩት ለተወሰነ ሞተር ተለክተው ነው። ለፎር ጄ ቢ ዋን መለዋወጫ ተብሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስቲል ሪንግ «ልዩ ሙቀት አስተላላፊ» ነው ብዬ እንድገምት የሚያደርገኝ ነገር የለም።

እስካሁን የነገርኩህ ስለ ብረቱ ነው። አሁን ደግሞ ብረቱ ምን ያህል እንደሚወስን በእርሳስና በወረቀት እንየው። ይህን ለባለቤቱም አሳየው።

የአንድ ንብርብር ሙቀት የማገድ አቅም የሚገኘው ውፍረቱ ለማስተላለፍ አቅሙ ሲካፈል ነው። ያንተ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 93 ሚሊሜትር ነው። ሪንጉ ከውስጥ ጠርዙ እስከ ፊቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጊዛ ከሆነ 4 ሲካፈል ለ50፤ 0.08 ይመጣል። ክሮም የበዛበት ስቲል ከሆነ 4 ሲካፈል ለ22፤ 0.18 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 0.1 ነው። ይህን ያዝልኝ።

አሁን ሪንጉና የቦዩ ወለል መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከት። 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ነው እንበል፤ ከፀጉር በብዙ የሚቀጥን ነው። ዘይት ከሞላው የዘይት አቅም 0.14 ስለሆነ 0.07 ይመጣል። አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ዘይት አራት ሚሊሜትር ጊዛ የሚያግደውን ያህል አገደ ማለት ነው! ዘይት ሳይሆን ጋዝ ከሞላውስ? ትኩስ ጋዝ 0.04 ገደማ ነው፤ 0.25 ይሆናል። ከጊዛ ሪንጉ ሦስት እጥፍ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን የ0.1 ልዩነት የሚያጠፋው 0.004 ሚሊሜትር የጋዝ ክፍተት ነው።

የመገናኛው ስፋት በየቦታው ስለሚለያይ ይህ ሻካራ ሒሳብ ነው፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም። ቦዩ ወለሉ ተበልቶ ከተወላገደ፣ ካርቦን ከቀረበት፣ ወይም ካሚቻው ክብነቱን ካጣ፣ ውድ ስቲል ገዝተህ ያገኘኸውን ሁሉ እዚያው ትከስረዋለህ። ለዚህ ነው ሪንግ ከመምረጥህ በፊት ፒስተኑን መርምር የምልህ።

ብዙ የዲዝል ፒስተኖች በላይኛው ቦይ ላይ ኒኬል የበዛበት የጊዛ ቀለበት አብሮ ተጥሎባቸዋል፤ አሉሚኒየሙ ቶሎ እንዳይበላ ነው። ቦዩን በደንብ አጽዳና አዲሱን ሪንግ በእጅህ ይዘህ በቦዩ ዙሪያ አንከባለው። የሚይዝበት ቦታ ካለ ካርቦን ቀርቷል። ከዚያ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ቅጠል) አስገባ፣ በአራት አቅጣጫ ለካ። አንዱ ጋ ከሌላው በግልጽ ከሰፋ ፒስተኑ ይለወጥ። ቦዩን በተሰበረ ሪንግ የመፋቅ ልማድ አለን። በጥንቃቄ ከተያዘ ይሠራል፤ ጠርዙንና ወለሉን ከጫርከው ግን የራስህን ሥራ አበላሸህ። በነዳጅ ወይም በካርቦን ማለስለሻ አሳድረህ ማጽዳት ይሻላል።

የሪንጉን ቅርጽም እይ። ብዙ የዲዝል ሞተሮች ላይ የላይኛው ሪንግ ሁለቱ ጎኖቹ ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሪንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲንቀሳቀስ ካርቦኑን እየጨፈለቀ እንዲያስወጣ ነው እንዲህ የሆነው። በእንዲህ ዓይነት ቦይ ጎኑ ቀጥ ያለ ሪንግ ከገባ መጣበቁ አይቀርም። የቀድሞው መካኒክ ይህን አድርጎ እንደሆነ አሮጌውን ሪንግ አጥበህ ከፒስተኑ ቦይ ጋር አስተያይ። እኔ አንተን ብሆን ከምንም በፊት ይህን ነበር የማየው።

ካሚቻህ በክሮም የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ክሮም የሆነ ሪንግ አታግባ። ሁለት ክሮም ሲፋተግ ይቧጨራል። በእንዲህ ያለው ላይ ያልተለበጠ የጊዛ ሪንግ ነው የሚሄደው። ሻጩ «ክሮም ይበልጣል» ቢልህ አትስማው።

አሁን ድሬን የሚመለከተው ትልቁ ነገር። ሙቀቱ ከሪንጉ ወጥቶ ካሚቻው ላይ ደረሰ። ፎር ጄ ቢ ዋን ካሚቻው ደረቅ ነው፤ ውሃ በቀጥታ አይነካውም፣ ብሎኩ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሙቀቱ ካሚቻውን አልፎ፣ ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበትን አልፎ፣ ብሎኩን አልፎ ነው ውሃ የሚያገኘው። ካሚቻው ከኋላው ዝገትና ቆሻሻ ይዞ ከተገጠመ እዚያም ክፍተት አለ። በመጨረሻ ውሃው ጋ ሲደርስ የድሬ ውሃ ይጠብቀዋል።

ድሬ ውስጥ ውሃ ያፈላ ሰው ሁሉ የማንቆርቆሪያውን ውስጥ ያውቀዋል። ነጭ ድንጋይ ይይዛል። ከመሬት የምንቀዳው ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ነው። ያንኑ ውሃ ከቧንቧ በጆግ ቀድተን ራዲያተር ውስጥ እንጨምራለን፤ በተነነ ቁጥር ደግሞ እንሞላለን። ውሃው ይሄዳል፣ ኖራው ይቀራል። የሚቀረውም በጣም በጋለው ቦታ ላይ ነው፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ክፍል) ውስጥ። የዚህ ድንጋይ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ወደ 2 ነው ብንል፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት 0.5 ያግዳል። ከጊዛ ሪንጉ ስድስት እጥፍ በላይ። ከውዱ ስቲልና ከጊዛው ልዩነት ደግሞ አምስት እጥፍ።

ሞተሩ ወርዶልሃል አይደል? የውሃ ቀዳዳዎቹን በባትሪ መብራት እያቸው። በሽቦ ጫር ጫር አድርግ። ነጭ ቅርፊት እየተቆረሰ ከወጣ ጥፋተኛህን አግኝተኸዋል። ከሌሎቹ ሲሊንደሮች ተለይቶ የአንዱ ሪንግ ብቻ መጣበቁ ራሱ ወደዚያ ይጠቁማል፤ ውሃ በደንብ የማይደርስበት ሲሊንደር ካለ መጀመሪያ የሚሰቃየው እሱ ነው። የዚያው ሲሊንደር የነዳጅ መርጫ አፍንጫም ይመርመር። ነዳጁን በትኖ ከመርጨት ይልቅ የሚያንጠባጥብ አፍንጫ ፒስተኑን አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል።

ወደ ፊት የቧንቧ ውሃ መጨመር ይቅር። የተጣራ ውሃና ኩላንት በመመሪያው ልክ ይቀላቀል። ኩላንቱ ለበረዶ አገር ብቻ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ዝገትና ድንጋይ እንዳይዝ የሚከላከለው ቅመም በውስጡ ስላለ ለእኛም እኩል ያስፈልገናል።

ደንገጎንም አንርሳው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አቀበቱን ስትጨርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ትሆናለህ። መኪናው ተጭኖ በከባድ ማርሽ ይወጣል፤ ሞተሩ ይሠራል፣ የሚገባው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። ከፍታው ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ድሬ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 2,000 ሜትር ላይ 93 ይበቃዋል። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እዚያ ከፍታ ላይ የመፍያውን ሙቀት ወደ 115 ያደርሰዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን፣ ወይም እንዳየሁት በጨርቅ የታሰረ ክዳን፣ ያንን ሃያ ምናምን ዲግሪ በሙሉ ይነጥቅሃል። ውሃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ሲፈላ እንፋሎት ይይዛል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አይወስድም። ክዳን ከሪንግ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። መጀመሪያ እሱን ለውጠው።

ቱርቦ የሌለው ዲዝል ደግሞ በከፍታ አየር ያጥረዋል። ነዳጁ እንደ ሜዳው ከተጨመረ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጥላሸቱም ከዘይቱ ጋር ሆኖ ሪንግ ቦይ ውስጥ ይጋገራል። ፓምፑን «ጉልበት እንዲሰጠኝ» ብሎ ነዳጅ ያስጨመረ ሹፌር ካለ መልሳችሁ በልኩ አስተካክሉት። አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ሲያይ ማርሽ ይቀንስ፣ ነዳጅ አይርገጥ።

ባጃጅም የምትሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ውስጥ ያለው አብዛኛው ባጃጅ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ውሃ ስለሌለ የኖራው ጣጣ የለበትም። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ክንፎች ግን በአቧራና በዘይት ሲለሰኑ ያው ችግር ከውጭ ይመጣል። ማጠብ ብቻውን ብዙ ሞተር ያድናል።

የቶርኖ ቤቱን ሐሳብ በተመለከተ፣ ለባለቤቱ በትህትና አይሆንም በለው። ድሬ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያፈራቸው እጀ ወርቅ የቶርኖ ባለሙያዎች ከተማ ናት፤ ችግሩ ከችሎታ አይደለም። ሪንግ ሲፈታ ክብ አይደለም። ሲጨመቅና ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ብቻ ክብ እንዲሆን፣ ዙሪያውንም በታሰበ ግፊት እንዲጫን ተብሎ ትንሽ ሞላላ ተደርጎ ይሠራል። ክብ ቱቦ ቆርጠህ ከፍተህ ብታስገባው በሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይነካል። የስቲል ሪንግ ቅርጹ ከተዘጋጀ ሽቦ ተጠምዝዞ፣ በሙቀት ታክሞ፣ ተሞርዶ፣ ተለብጦ ነው የሚወጣው። ተራ ብረት ደግሞ ሲግል ስፕሪንግነቱ ይጠፋል። ጥርጣሬ ካለው አንዱን አስቆርጣችሁ ካሚቻው ውስጥ አስገቡትና ከሥር መብራት አብሩ። ብርሃኑ በየት በየት እንደሚያልፍ ራሱ ያየዋል።

በዚያው መንገድ የምትገዛውንም ሪንግ ፈትሸው። ካሚቻው ውስጥ አስገብተህ በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርገህ ግፋው፣ ከሥር አብራበት። ከጫፎቹ መገናኛ ሌላ ብርሃን ማየት የለብህም። የጫፎቹን ክፍተትም ለካ። መመሪያው ካለህ እሱን ተከተል፤ ከሌለህ ለዚህ ስፋት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። የሪንጉ ዙሪያ 292 ሚሊሜትር ነው። ሪንጉ ከካሚቻው በ80 ዲግሪ በልጦ ቢግል ጫፎቹ በ0.26 ሚሊሜትር ይቀራረባሉ። ክፍተቱ ከዚያ ካነሰ ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ሪንጉ መሄጃ አጥቶ ካሚቻውን ይቧጭራል። ጊዛም ሆነ የሪንግ ስቲል ሲግል የሚሰፋው ተቀራራቢ ስለሆነ «ስቲል ነው፣ ጠበብ ይበል» የሚልህን አትቀበል።

ስለዚህ የትኛውን ትግዛ? ፒስተኑ የተሠራለትን ዓይነት። ፋብሪካው ለላይኛው ቦይ ጊዛ ካለ ጊዛ፣ ስቲል ካለ ስቲል፤ ቅርጹና ከፍታው ተመሳሳይ ይሁን። በእጥፍ ዋጋ ልትከፍለው የነበረውን ልዩነት ብሎኩን በኬሚካል ለማሳጠብ፣ ራዲያተሩን ለማስጠረግ፣ አዲስ ክዳንና ኩላንት ለመግዛት አውለው። ቴርሞስታቱን ደግሞ አውልቃችሁ ጥላችሁት ከሆነ መልሱት። ያለ እሱ ሞተሩ ሜዳ ላይ ሳይሞቅ ይውላል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከሥር ዘይት የሚረጭ ቀጭን ቧንቧ ያለው ሞተር ከሆነ ቀዳዳው እንዳልተዘጋ በሽቦና በአየር አረጋግጥ።

ከገጠምክ በኋላ ሞተሩን ቆሞ እንዲሽከረከር ለሰዓታት አትተወው። ሪንግ ከካሚቻው ጋር የሚላመደው የጋዝ ግፊት ሲጫነው ነው። መጀመሪያ ባዶውን ወይም በትንሽ ጭነት በሽንሌ በኩል ባለው ሜዳ መንገድ ይነዳ፤ ነዳጁ መለስ ቀለስ እያለ፣ አንድ ፍጥነት ላይ ሳይቆይ። ደንገጎን ሙሉ ጭኖ ለመውጣት የመጀመሪያው ዘይት እስኪለወጥ ይጠብቅ። ያንን ዘይት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት አውርደውና ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ አፍስሰህ በፀሐይ እየው። ጥቃቅን ብልጭታ መጀመሪያ ላይ ያለ ነው። በሁለተኛው ለውጥም ያው ብልጭታ ካለ፣ ወይም ዘይት መብላቱ ካልቆመ፣ የለካኸውን ቁጥር ሁሉ ጽፈህ ላክልኝ፤ የቦዩን፣ የካሚቻውን ከላይና ከታች፣ የጫፎቹን ክፍተት። የተጣበቀውን አሮጌ ሪንግም አትጣለው፤ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንስተህ አያይዝልኝ።